ነፃ ከሆነች

ከአዲስ አበባ ወረታ ስመደብ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ይልቅ የሥልጠና ጽሑፍ ይበዛ ነበር። የኤች አይ ቪ ምክር አገልግሎት ነርስ ነበርኩ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀምሮ ከትልልቆቹ ሆስፒታሎች ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች መውረድ የጀመረበት ጊዜ ነው። ሥልጠናው ውጤት እንዴት እንደሚነገር አስተምሮኛል። በሩ ይዘጋል፤ ሁለት ብቻ ትሆናላችሁ፤ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ፤ ቃሉ ሳይሸፋፈን ይነገራል፤ ከዚያ ዝም ትያለሽ። ለሚያለቅስ መሐረብ ታቀብያለሽ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አንዴ ከያዝኩ የሚያስለቅቀኝ የለም። እናቴ «ይቺ ልጅ ግትርነቷ ከማን እንደመጣ እንጃ» እያለች አባቴን በጎን ታየው ነበር።

የዚያ አገር፣ የፎገራ ሰው ክፉ ወሬ በዚህ ዓይነት እንደማይነገረው ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሰውዬው ወደ እኛ ሲመጣ ጎኑን አልማዝ ባለጭራ የሚሉት ቁስል አቃጥሎት ነበር። መጀመሪያ ወንዛዬ ወርዶ ፍል ውሃው ዘንድ ሰንብቷል። ቁስሉ ቢደርቅም ትኩሳቱ አልለቅ ስላለው ነው ጤና ጣቢያ የመጣው። ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ የሩዝ ገበሬ ነበር። በወጣትነቱ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ይመላለስ እንደነበር አጫወተኝ። የቀረውን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት።

ውጤቱን እንደተማርኩት ነገርኩት። በሩን ዘጋሁ፣ ወንበሬን አስጠጋሁ፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ ተናገርኩና ዝም አልኩ። እሱ ቀና ብሎ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘው። ሰው የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ ማንም አይሰማንም። አያስቡ።»

«እንዲህ ያለውን ነገር ብቻሽን ትናገሪያለሽ? ሰው የለሽም?»

የተቆጣ መሰለኝ። ኋላ ሳስበው ደግሞ ያዘነልኝ መሰለኝ። እስከ ዛሬም አልለየሁትም።

መድኃኒቱን ጀመረ፤ በቀጠሮው ቀን አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም። ለሚስቱ መንገር ግን አቃተው። ሚስቱ ከእሱ ብዙ የምታንስ ነበረች፤ ከተጋቡ ጥቂት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ልጅ ገና አልወለዱም። «ለባለቤትዎ ነገሯት?» እላለሁ በመጣ ቁጥር። «ኧረ በምን አፌ!» ይለኛል። ትኩሳቱን ሰበብ አድርጎ መደብ ላይ ለብቻው መተኛት ጀምሯል። እሷ ደግሞ የጠላት መስሏት ቤቱ ውስጥ ከፍቷታል። ሳትመረመር ብትታመምስ እያልኩ የምጨነቀው እኔ ነኝ። ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ እንደገና ተቆጣሁት።

በክረምቱ መሀል፣ ሩዙ አረም በያዘበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ራሱ ጀመረው። «ነገ ጎህ ሲቀድ እቤት ነይ። አንች ባለሽበት ይነገራት» አለኝ። ደስ አለኝ። ባልና ሚስትን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር የሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። ለምን ጎህ ሲቀድ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ገበሬ ነው፣ ለአረም ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው ብዬ ገመትኩ። አማካሪ መገመት የለበትም ተብሎ ነበር፤ እኔ ግን ገመትኩ።

ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው በኩል ነው። የዋልካው ጭቃ ጫማዬን እየነጠቀኝ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረስኩ። ከአጥሩ ውጭ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሽማግሌዎች ቆመዋል። የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘዋል። የሰውዬው አጎትም አሉ። ሁለት ሴቶችም ከኋላ አሉ። ማንም አይናገርም።

«ማን ሞተ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ማንም አልሞተም ልጄ» አሉኝ አጎትየው። «ልናረዳት ነው።»

ግራ ገባኝ። ማንም ካልሞተ የሚረዳው ምንድን ነው? እንደዚያ ቆሜ ነው ነገሩ ቀስ እያለ የገባኝ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቄስ ቆሞ፣ ስትወድቅ የምትይዛት ሴት ተዘጋጅታ ነው። ሰውዬው የእኔን የተዘጋ በር አይቶ እንደዚያ ሚስቱን አላደርጋትም ብሎ ነው ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰበው። ያደረግኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስቦበት፣ ሁሉንም ተቃራኒውን አድርጎታል።

«ይሄ ምስጢር ነው! የሚነገረው ለእሷ ብቻ ነው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ አንደኛዋ ሴት አፌን በእጇ ልትይዝ ቀረበች።

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው አዩኝ። «ሰው ክፉ ነገር ብቻውን ይስማ ነው የምትይ?» አሉኝ። መልስ ነበረኝ፤ በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥ ሙሉ ገጽ ነው። እሱን ሳስታውስ አጎትየው ወደ በሩ አለፉ።

አጎትየው በሩን አንኳኩ። ሚስቲቱ ከፈተች። በጎህ የተሰለፈውን ጋቢ አየች፣ መስቀሉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጮኸች።

«ወንድሜን! ወንድሜን በሉብኝ!»

ያላት ወንድም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ክረምት ለሥራ መተማ ወርዷል። ለካ ከሄደ ጀምሮ በጎህ የሚመጣ ሰው እየጠበቀች ነው የምትተኛው። መሬት ላይ ተወረወረች። ሴቶቹ ሊይዟት ተሻሙ። ከግራም ከቀኝም ጎረቤት እየጮኸ መጣ። ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የመጣው እያለቀሰ ነው። አንዲት አሮጊት ከበሩ ሳትደርስ ደረቷን እየመታች ሙሾ ጀመረች። ቄሱ «ማንም አልሞተም! እረፉ! ማንም አልሞተም!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። እኔ ሰው የሚያጽናና ባለሙያ ነኝ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከግድግዳው ተለጥፌያለሁ።

በመጨረሻ ሴትዮዋን አስቀመጧት። «ወንድሜ አለ?» አለች።

«አለ። ደኅና ነው። እኛ የመጣን ለሌላ ነው።»

«ለምንድን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሰውዬው ግን ከሰዉ መሀል ወጥቶ ቀደመኝ። ሌሊቱን ከዚያው ከአጥሩ ሥር አድሮ ይሁን እንጃ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ» አለ። «ያ በሽታ አለብኝ። ከድሮ ነው። ሲስተር አይታዋለች።»

ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ባሏን አየችው። «በቃ? ይኸ ነው?» አለች። «ወንድሜ ግን አለ?»

«አለ አልንሽ እኮ!»

«ተመስገን» አለች። «የባሰ አታምጣ።»

ያቺ ሙሾ የጀመረችው አሮጊት ወገቧን ይዛ ቆመች። «እንግዲህ ይኸን ሁሉ እንባየን ምን ላርገው?» ብትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቀስተኛ በባዶ አይሸኝም ተብሎ ጎረቤት ከየቤቱ ያለውን ይዞ መጣ፤ ንፍሮም፣ የሩዝ ቂጣም። እያለቀሱ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ይበላሉ። ለእኔም ሰጡኝ። መብላት ይገባኝ አይገባኝ አላውቅም፤ በላሁ። ምስጢር የሚባለው ነገር ግቢው ሙሉ ሰው ሲያላምጠው እያየሁ፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አስደግፋ እያየሁ፣ ጥፋት ነው ወይስ ደግ ነገር ብዬ ልለየው አልቻልኩም።

እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። ተነሣ። በአንገቱ ያለውን ማተብ ያዘ።

«ቃል አታውጣ!» አሉ ቄሱ። አልሰማቸውም።

«ማተቤን!» አለ። «ትመርመር። ነፃ ከሆነች ቤቱንም ከብቱንም መሬቱንም እኩል ተካፍለን ትሂድ። ገና ልጅ ናት። ሌላ ታግባ፣ ትውለድ። እኔ ዘንድ አስቀምጬ አልገድላትም።»

በሽማግሌ ፊት፣ በነፍስ አባት ፊት፣ በማተብ ተናገረ ማለት አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ቢያጥፍ ሰው አይባልም። ሴትዮዋ ትከሻዋን ሰበሰበች። በዚያ ጠዋት መርዶ የተረዳች የመሰለችኝ ያኔ ነው።

ዛሬ ነገ ሲሉ ቆይተው ለምርመራ የመጡት የሩዙ አጨዳ ካለቀ በኋላ በገበያ ቀን ነው። እሱ መድኃኒቱን ወሰደና ከግቢው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷ ገባች። ጣቷን ስወጋት ዓይኗን አልጨፈነችም። ውጤቱን ስንጠብቅ ስለ ዘሩት ጓያ አወራችኝ፤ የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ የጭነት መኪና ጥሩምባ ልቧን እንደሚያርዳት ነገረችኝ።

ነፃ ነበረች። እንዲህ ያለውን ውጤት ስናገር ፊቴን መቆጣጠር አይሆንልኝም። «ነፃ ነሽ!» አልኳት።

«እንደገና እይው።»

«ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የለብሽም።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የደስታ መስሎኝ መሐረብ አቀበልኳት። መሐረቡን ወደ እኔ መልሳ ገፋችው። «ቆመሽ አልሰማሽም? ነፃ ከሆነች ትሂድ አላለም? እሽ፣ መሬቱን ያካፍሉኝ፤ በሬውን ያካፍሉኝ፤ እሱንስ ማን ያካፍለኛል?»

ምን ልበላት? «ልታነጋግሪው ትችያለሽ» አልኳት፤ ስናገረው ራሴም አላመንኩበትም።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እቴ፣ እሷም አለባት በይልኝ።»

«አብደሻል እንዴ?» አልኳት። አማካሪ እንዲህ አይልም። እኔ ግን አልኩ። ውጤቷ የራሷ እንደሆነ፣ ካልፈቀደች ለባሏም ለቄሱም ለማንም እንደማልናገር፣ ውሸት ግን ከእኔ አፍ እንደማይወጣ ተቆጥቼ ነገርኳት።

አሰበችበት። «ካልፈቀድሁ አትናገሪም?»

«አልናገርም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። መዋሸቱን እኔ አውቅበታለሁ።»

«ጥንቃቄውስ? ኮንዶሙስ?» አልኩ ተጣድፌ።

«ሁለቱም ያለባቸው አይጠቀሙም?»

ይጠቀማሉ። እኔው ነኝ ሳስተምር የከረምኩት። «ይጠቀማሉ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ተለወጠ?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። የምይዘው የምጨብጠው አጥቼ ተከተልኳት።

ሲያየን ከድንጋዩ ተነሣ። «አለብኝ» አለችው፣ ሳይጠይቃት። እኔ እንኳ በሆዴ ይቀለዋል ብዬ ነበር፤ አብራው ትቀራለች፣ ብቻውን አይሆንም ብዬ። ሰውዬው ግን እዚያው አፈሩ ላይ ዘፍ አለ። «ገደልሁሽ» አለ። «በእጄ ገደልሁሽ።» ግንባሩን ከአጥሩ እንጨት ጋር ያማታው ጀመር። ለመድኃኒት የተሰለፈው ሰው ዞሮ አየ።

ተንደርድራ ራሱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ውሸቴን ነው! እመብርሃንን ውሸቴን ነው! ነፃ ነኝ! የለብኝም!»

«አታባብይኝ።»

«እሷን ጠይቃት! ንገሪው፣ ፈቅጃለሁ ንገሪው!»

ጎንበስ ብዬ ነገርኩት። ነፃ ናት አልኩት፤ የቻልኩትን ያህል ቀስ ብዬ፣ የቻልኩትን ያህል ግልጽ አድርጌ። ቀና ብሎ አየኝ። «አንችም አዝነሽልኝ ነው» አለ። «ሁለታችሁም አዝናችሁልኝ ነው።»

ይህን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሁለት ሰው እውነት ሲነግረው የማያምን ምን ዓይነት ሰው ነው? «እንግዲያው ይነሡ» አልኩት። «ይግቡና ፊትዎ እንደገና እመረምራታለሁ። እዚያው ቆመው በዓይንዎ ያያሉ። ማንንም ማመን የለብዎትም።»

ተነሣ። እስከ ክፍሌ በር ተከተለኝ። አንድ እግሩን ከመድረኩ አስገባ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መመርመሪያ አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ። እሷ ማልቀሷን ትታ እሱን ታየዋለች። ሦስታችንም ዝም አልን። ያን ዝምታ ስንት ጊዜ መልሼ አሰብኩት! በዚያ ውስጥ አንድ ነገር ሆኗል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

እግሩን መልሶ አወጣ።

«እሷ አለብኝ ብላለች። ኋላ ደግሞ የለብኝም ብላለች» አለ። «እኔ መሀይም ነኝ፣ የትኛውን ልያዝ? ነገሩ እስኪለይ አብረን እንቆይ።»

«አሁኑኑ ይለያል እኮ! እዚችው!» ብዬ ጮህኩ።

«የለም፣ ይቆይ» አለና ጋቢውን አራግፎ ሄደ። እሷም ተከተለችው። ከበሩ እስኪወጡ ድረስ አንዳቸውም ወደ ኋላ አልዞሩም።

ያን ቀን ያላመነ መሰለኝ። ሰንበት ብሎ ማመን ያልፈለገ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ሞኝ የመሰለኝ ሰው እኔን ሞኝ አድርጎኝ ይሆን እላለሁ። ቃሉ «ነፃ ከሆነች» ነበር። ነፃ መሆኗን ካላወቀ ማተቡ አልተነካም። ይህን ገና መድረኩ ላይ ቆሞ አስቦት ነው ወይስ እኔ ነኝ ኋላ ላይ የፈተልኩለት? ባህር ዳር ለሥልጠና ስንሰበሰብ ታሪኩን ስም ሳልጠራ አነሣሁት። ግማሾቹ ይሄማ የምክር አገልግሎት ውድቀት ነው አሉ፤ ግማሾቹ ባልና ሚስቱ አብረው ከኖሩ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ሲከራከሩ ትቻቸው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ለመድኃኒት ሲመጣ አብራው ትመጣለች፤ እሷም በየጊዜው ትመረመራለች። እሱ አንድም ቀን አብሯት ገብቶ አያውቅም። እሷ ነፃ መሆኗን ሰምታ ስትወጣ፣ ገና በሩ ላይ ሳለች ስለ ገበያ ማውራት ይጀምራል፤ ሩዝ ስለመርከሱ፣ በይፋግ በኩል ያለው ገበያ ስለመሻሉ። እሷም ያንኑ እያወራች ትከተለዋለች። ቄሱ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ «የዚያች ልጅ ነገር እንዴት ሆነ? ሰውዬው ቃል አውጥቶ ነበር» አሉኝ። «የሥራዬ ነገር ነው አባ፣ አይነገርም» አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ደግ፣ ደግ» ብለው መስቀል አሳለሙኝና ሄዱ።

አንድ ጊዜ ብቻ ብቻዋን አግኝቻት «ልጅስ?» አልኳት። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ስለሚወልዱበት መንገድ ያኔ አጥርተን የምንነግራቸው ነገር አልነበረንም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። «እሱን አትጠይቂኝ» አለች። ከነጠላው በታች ታልቅስ ትሳቅ አላየሁም። ልረዳት ይሁን ልጎዳት የተቀመጥኩት እያልኩ አመሸሁ።

ወደ አዲስ አበባ ስዛወር ሰውዬው ሊሸኘኝ መገንጠያው ድረስ መጣ። ሚስቱ ጓያ ስታርም ስለነበረች አልመጣችም፤ ሰላምታዋን ልካልኛለች። ጤናው ተመልሶለት ጉንጩ ሞልቷል። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል፣ ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» ይላል፤ እሱ ግን ሻንጣዬን አልለቅ አለ።

«እንዲያው ልጄ» አለኝ፣ እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ። «እንዳትነግሪኝ እንጂ… ደኅና ናት አይደል?»

ምን ማለቱ ነው? ልናገር ወይስ ልተው? አፌን ስከፍት ሻንጣውን አስቀምጦ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፈነ።

«ደኅና ናት» አልኩት። መዳፎቹን ከጆሮዎቹ አላነሣም። ዓይኖቹ ግን ከከንፈሬ ላይ ነበሩ።